ግንቡ ያሳደገው ሰላጣ

የጎባ ብርድ እንደ ሌላ አገር ብርድ ከውጭ አይመጣም፤ ቤት ውስጥ አድሮ ጠዋት ከሰው ጋር አብሮ ይነሳል። አንድ ታህሳስ አንድ አውራ ዶሮ ሊጮህ አፉን እንደከፈተ ደርቆ ቀረና፣ ፀሐይ አሙቃው ጩኸቱ የወጣለት ከምሳ በኋላ ነው። ሰፈሩ ሁሉ «ነጋ» ብሎ እንደገና ቁርስ በላ።

ይህን የምታወራው ኦብሴ ናት። ኦብሴ ካወራችው ግማሹን ጥሎ ግማሹን ማመን የሰፈሩ ደንብ ነው፤ የሚጣለው የቱ ግማሽ እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ የለየ የለም። ትምህርቷን አራተኛ ክፍል ላይ ያቆመችውም፣ እሷ እንደምትለው፣ የሚቀረውን መምህሩም ስለማያውቀው ነው።

ሀምሳን ስትሻገር የቀራት ሀብት ከአንዲት ክፍል ቤትና ከአንድ ጓሮ አይበልጥም ነበር። ጓሮው ሦስት አልጋ ቢዘረጋበት አራተኛው የማይገባበት ነው። አፈሩን ግን ባሏ ለታ በሕይወት ሳለ ከቶጎና ወንዝ ዳር በአህያ እያመላለሰ ነው የሞላው፤ ሁለት ክረምት ሙሉ። ለታ በጦርነቱ ጊዜ ወደ ጊኒር እንደወጣ አልተመለሰም። መቃብሩ የት እንዳለ ስለማታውቅ፣ ኦብሴ ሲከፋት የምትሄደው ወደ ጓሮዋ ነው። ይህን ለማንም አውርታ አታውቅም። የምታወራው ሌላ ሌላውን ነው።

በጓሮው ምዕራብ አንድ አሮጌ ኮሶ ቆሟል። በምሥራቅ በኩል ደግሞ በሰባ ሁለት ዓ.ም. ቀበሌው አዳራሽ ሠራ። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ዘሪሁን «አዳራሽ ከፍ ካላለ መፈክር አያምርበትም» እያለ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሲያስደርብ፣ ሲያስደርብ፣ ግንቡ ከኮሶው እኩል ሆነ። ከዚያ ወዲህ ፀሐይ ወደ ኦብሴ ጓሮ ከረፋዱ አምስት ሰዓት በፊት ደርሳ አታውቅም፤ ሰባት ሰዓት ሲሆን ደግሞ ኮሶው ተቀብሎ ይሸኛታል። ኦብሴ «ፀሐዬን መልሱልኝ» ብላ በጽሑፍ አመለከተች። ከወር በኋላ መልስ መጣላት፤ ማኅተም ያለበት ወረቀት ነው፤ «ፀሐይ የግል ንብረት አይደለችም» ይላል። ወረቀቱን አጣጥፋ በስኳር ቆርቆሮዋ ውስጥ አኖረችው።

በሰባ ስድስት ዓ.ም. መስከረም፣ ዘሪሁን ነዋሪውን በዚያው አዳራሽ ሰበሰበ። ካኪ ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፏል።

«ጓዶች! የጓሮ አትክልት ዘመቻ ታውጇል። ታህሳስ ሃያ አምስት ገምጋሚ ጓድ ከአዲስ አበባ ይመጣል። በዚያ ቀን አረንጓዴ ያልታየበት ጓሮ ሥራ የፈታ መሬት ነውና ወደ ቀበሌው ይዞታ ይገባል።»

ሰው ሁሉ ዞሮ ኦብሴን አየ። ዘሪሁን የቀበሌውን ክበብ ወደ እሷ ጓሮ አስፍቶ የቢራ ጠረጴዛ ሊዘረጋበት እንደሚመኝ ከጎባ እስከ ሮቤ የማያውቅ የለም።

«ለምሳሌ ያህል» አለ ዘሪሁን፣ «የጓዲት ኦብሴ ጓሮ ምን ያበቅላል?»

«ጥላ» አለች ኦብሴ።

አዳራሹ ሳቀ።

«ጥላ አይበላም!»

«የሚበላ ጥላ አሳይሃለሁ።»

ከጎኗ የተቀመጠችው ጎረቤቷ ጁሀራ ጭኗን ቆነጠጠቻት። ጁሀራ ገበያ ላይ ጨውና በርበሬ የምትሸጥ የጊኒር ሴት ናት፤ አፏ ከበርበሬዋ አይተናነስም፤ መቼ ዝም እንደሚባል ግን ታውቃለች። «አንቺ ሴትዮ፣ ያ ረቢ፣ ዛሬ እንኳ ተቀመጪ!» ብላ አንሾካሾከች።

ኦብሴ ተነሳች። «ሰላጣ ነው የማበቅለው።»

ሳቁ ጣሪያውን ነቀነቀው። ከኋላ አባ ሙለታ «ኦብሴ ልጄ፣ ጥሬ ቅጠል የምትበላው ፍየል ናት፤ ፍየል ልታረቢ ነው?» ብለው ጠየቁ።

«አባቴ ሙለታ፣ እርስዎ ጥርስ የለዎትም፤ ለእርስዎ አልዘራም» አለችና ወደ መድረኩ ዞረች። «ስማኝ ዘሪሁን። ገምጋሚው በመጣ ቀን ከዚያ ጓሮ ቆርጬ በሳህን ካላቀረብኩለት፣ የበሩን ቁልፍ በገዛ እጄ አምጥቼ ጠረጴዛህ ላይ አኖራለሁ። ካቀረብኩ ግን ጓሮዬን ማንም እንደማይነካው ወረቀት ትጽፍልኛለህ፤ በማኅተም።»

ዘሪሁን ከደስታው ብዛት ፈገግታውን በእጁ ሸፈነ። ጥላ ውስጥ፣ በጎባ ታህሳስ፣ ሰላጣ! ክበቡን ያሰፋ ያህል ታየው። «ቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ!» አለ። የቀበሌዋ ጸሐፊ ማሚቱም እንደተባለው ቃል በቃል ጻፈችው።

ሲወጡ ጁሀራ እጇን ጎትታ፣ «በይ አሁን እውነቱን ንገሪኝ፤ ይበቅላል?» አለቻት።

«ይበቅላል።»

«ይህ ከሚጣለው ግማሽ ነው ከሚታመነው?»

«ዛሬስ ከሚታመነው ነው» አለች ኦብሴ፤ ድምጿ ግን ትንሽ ቀጠነባት።

ኦብሴ ስለ ሰላጣ የምታውቀው ነገር ነበራት። ከለውጡ በፊት ስድስት ዓመት ፈረንጆች ቤት ወጥ ሠርታለች። ሲሄዱ እፍኝ የማትሞላ የሰላጣ ዘር በጨርቅ ቋጥራ አስቀረች። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ከኮሶው ሥር ጥቂት እየዘራች፣ ዘሩን እየለቀመች፣ ለማንም ሳትናገር ስታየው ኖራለች። ያየችውም ይህንን ነው፦ ሰላጣ ፀሐይ ከበዛበት እንደ ባለጌ ኮረዳ ያለ ዕድሜው ይዳራል፤ ግንድ አውጥቶ ያብባል፤ ቅጠሉም እንደ እሬት ይመራል። ጥላ ውስጥ ግን ረጋ ብሎ፣ ቅጠል በቅጠል እየደረበ ያድጋል፤ ይጣፍጣልም። የሚያስፈራው ውርጩ ነው። ስለ ውርጩም አንድ ነገር ታዝባለች፤ እሱን ግን ለጁሀራ እንኳ አልነገረቻትም።

መስከረም ሳይወጣ ዘሩን በዘይት ቆርቆሮ ዘራችው። ዘሩን አፈር አላለበሰችውም፤ አፈሩ ላይ እንደ ጨው ነሰነሰችው እንጂ። ጥቅምት ሲጋመስ ችግኙን ወደ መደቡ አዛወረች፤ አሥራ ስምንት እግር ሆነ። የበሰበሰ የበግ ፍግ አለበሰችው። ከጁሀራ ደግሞ ለላሟ ከገዛችው የገብስ ጭድ ሁለት ኩንታል ለመነች።

«ላሜ ምን ትብላ?»

«ለላምሽ ተረት እነግራታለሁ፤ ትጠግባለች።»

ዘሪሁን በበኩሉ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ከአዳራሹ ፊት ለፊት፣ ዳገቱ ላይ፣ «ሞዴል ማሳ» የሚባል አስቆፈረ። ጥድ ነበረበት፤ አስቆረጠው። አጥር ነበረበት፤ አስፈረሰው። «የሰፊው ሕዝብ ማሳ ንጋትን ፊት ለፊት ነው የሚቀበለው! የመጀመሪያዋ ጨረር የምታርፈው እዚህ ላይ ነው!» ብሎ መደቡን ሁሉ ወደ ፀሐይ መውጫ አዞረው። ኦብሴን ለማሳፈርም ሰላጣ ዘራበት።

የእሱ ሰላጣ ደግሞ አደገ! ህዳር ሲገባ የሞዴሉ ሰላጣ ዣንጥላ ሊያህል ምንም አልቀረው፤ የኦብሴ ገና የአይጥ ጆሮ ያህል ነው። ዘሪሁን ጠዋት ጠዋት በአጥሯ ላይ አንገቱን ያሻግራል።

«አካም ቡልቴ ጓዲት ኦብሴ! ጥላሽ እንዴት አደረ?»

«ደህና አድሯል፤ ሰላም ብሎሃል።»

«ቁልፉን አዘጋጂ እንጂ። ዝገት እንዳይዘው ዘይት ቀቢው።»

እሱ ሲሄድ ኦብሴ ከመደቡ ዳር ቁጢጥ ትላለች። አንዳንዴ የለታን አፈር በእጇ ዘግና ታሸዋለች። «ይህ ሰው በላይህ ላይ ቢራ ሊጠጣ ነው እኮ» ትለዋለች፤ አፈሩን ይሁን ለታን፣ አይታወቅም።

ማታ ማታ ፀሐይ ስትገባ መደቡን በጭድ ትሸፍናለች። ሲነጋ ግን አትገልጠውም። ጎረቤቱ ሁሉ የተክሉን ልብስ ጎሕ ሲቀድ ገፎ ፀሐይ ሲያስሞቅ፣ እሷ የግንቡ ጥላ እስኪያፈገፍግ ትጠብቃለች። ይህን የሰማ ዘሪሁን ጠረጠረ። አንድ ጠዋት ጫሊ የሚባለውን የአብዮት ጥበቃ ላከባት።

«ጭዱ ሥር ምን አለ?» አለ ጫሊ ጠመንጃውን አስተካክሎ።

«ሰላጣ።»

«ለምን ይሸፈናል?»

«ገና ተኝቷል። ያለ ሰዓቱ የቀሰቀሱት ሰላጣ ቀኑን ሙሉ ይነጫነጫል። ባለፈው ዓመት አንዱ ነክሶኛል።» ጣቷን አሳየችው፤ ቢላ የነካው ጠባሳ ነበረባት።

ጫሊ ጠባሳውን አየ። ጭዱን አየ። በሰደፉ ሊገልጥ ብሎ ተወው። ለዘሪሁንም «አጣራሁ፤ ሰላጣ ነው፤ ተኝቷል» ብሎ ሪፖርት አደረገ። ዘሪሁን ሦስት ቀን አላነጋገረውም።

ታህሳስ ሃያ አራት አመሻሽ ላይ ንፋሱ ቆመ። ከሳኔቲ ተራራ በኩል ያለው ሰማይ ተላጭቶ አንድ ቁራጭ ደመና አልቀረበትም። ጁሀራ ጉልበቷን እያሸች በአጥሩ ብቅ አለች። «ኦብሴ፣ ጉልበቴ ዛሬ እየጮኸ ነው። ዋላሂ፣ የዛሬው ሌላ ነው።»

«አውቃለሁ» አለች ኦብሴ። የዚያን ዕለት ጭዱን እጥፍ አለበሰችው። ከዚያ በላይ የምታደርገው ስላልነበራት በሯን ዘግታ ገባች።

ሲነጋ ጎባ ነጭ ሆናለች። አመዳዩ ጣሪያውን፣ አጥሩን፣ የታሰረውን አህያ ጀርባ ሳይቀር አልብሶታል። ሽንት ሊሸና የወጣ አንድ ሰው በራሱ ሽንት ተደግፎ ቆሞ ተገኘ ይባላል፤ ይህ እንኳ የሚጣለው ግማሽ ነው። በሞዴል ማሳው ላይ የሆነው ግን መቶ ሰው ያየው ነው።

ዘሪሁን ገና በአሥራ ሁለት ሰዓት እየሮጠ ወጣ። ሰላጣው ሁሉ ነጭ ለብሶ ቆሟል። «ገምጋሚው ይህን ሊያይ ነው? አመዳዩን ጥረጉት!» ብሎ አዘዘ። የአብዮት ጥበቃዎቹ መጥረጊያ ይዘው ተሰለፉና የሰላጣውን ፊት መጥረግ ጀመሩ። የደረቀው ቅጠል እንደ ብርጭቆ ክርችም ክርችም ይላል። በዚህ መሐል የመጀመሪያዋ ጨረር፣ ልክ ዘሪሁን እንደተመኘው፣ ፊት ለፊት መጥታ ማሳው ላይ አረፈች። ሦስት ሰዓት ሲሆን የሰፊው ሕዝብ ሰላጣ ተቀቅሎ የወጣ ጎመን መስሎ፣ ጠቁሮ፣ መሬት ላይ ተኝቷል።

ኦብሴ ለዓመታት የታዘበችው ይህንን ነበር። ብርዱ ብቻውን ሰላጣን አይገድልም። የሚገድለው በብርድ የደረቀውን ቅጠል ፀሐይ በድንገት ስትደርስበት፣ ወይ የሰው እጅ ሲነካው ነው። ጥላ ውስጥ ተከልሎ፣ ቀስ ብሎ፣ በራሱ ጊዜ የቀለጠ ቅጠል ምንም አይሆንም። ያን ጠዋት የቀበሌው ግንብ የንጋቷን ፀሐይ በጀርባው ይዞ እንደ ዘበኛ ቆሞላት ነበር።

በሯ ተንኳኳ። ዘሪሁን ነው፤ ጫሊና ሌላ አንድ ጥበቃ ከኋላው ቆመዋል።

«ኦብሴ እህቴ» አለ። እህቴ ሲላት ይህ የመጀመሪያው ነው።

«ደህና አደሩ ጓድ ሊቀመንበር» አለች። እርስዎ ስትለው ደግሞ የመጀመሪያዋ ነው፤ ገባው፤ ጆሮው ቀላ።

«ሰላጣሽን ለጥቂት ሰዓት ብቻ... ሞዴሉ ላይ ተክለን እንመልስልሻለን።»

«አሁን ከተነኩ ይሞታሉ። እስከ አምስት ሰዓት አይነኩም።»

«ገምጋሚው አራት ሰዓት ተኩል ይደርሳል!»

«ይጠብቃ።»

«በሰፊው ሕዝብ ስም...» ብሎ ዘሪሁን ገፍቷት ገባ። ከመደቡ ጫፍ ጭዱን ገፈፈና ስድስቱን ከነሥራቸው ነቀለ። ኦብሴ ወደ ቀሩት ሄዳ፣ ከጭዱ ፊት እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች። ነጠላዋ አመዳይ ጠጣ።

«ተነሺ!»

«አልነሳም። እኔንም ነቅለህ ሞዴልህ ላይ ትከለኝ። ሥር አለኝ፤ እጸድቃለሁ።»

ዘሪሁን ጫሊን አየው። ጫሊ ደግሞ የኮሶውን ጫፍ አየ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ሰዓት እየሄደ ነው» አለ ጫሊ፤ ከዚያ በላይ አልተናገረም፤ ከቆመበትም አልተንቀሳቀሰም። ዘሪሁን ስድስቱን አቅፎ ወጣ። ኦብሴ የተነቀለውን ቦታ ስታየው ዓይኗ እንባ ሞላ፤ አላፈሰሰችውም። ብርድ ነው፤ ፊቷ ላይ ይደርቅባታል።

ገምጋሚው ሁለት ካፖርት ደርቦ፣ አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ ከላንድሮቨሩ ወረደ። ሕዝቡ ተሰልፏል። ከሞዴል ማሳው መሐል፣ ከጠቆሩት ፊት ለፊት፣ የኦብሴ ስድስት ሰላጣዎች ተተክለዋል። ግን ምን ይሆናል፤ በብርድ እንደ ደረቁ ስለተነኩ አንዱም ቀና ብሎ አልቆመም። ከጠላ ቤት የወጡ ሰካራሞች ይመስል እርስ በርስ ተደጋግፈው ተዘርረዋል።

«ይህ ምንድን ነው?» አለ ገምጋሚው።

«ሰላጣ ነው ጓድ... እያረፈ ነው» አለ ዘሪሁን።

ያኔ ኦብሴ ከሰልፉ ወጣች። ጁሀራ ነጠላዋን ለመያዝ ሞከረች፤ አልደረሰችባትም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጁሀራ በልቧ «እንዲህ ያለች እብድ አይቼ አላውቅም» ትል ነበር፤ ያን ቀን ግን «ቢስሚላህ» ነው ያለችው።

«ጓድ ገምጋሚ፣ እነዚህ የኔ ናቸው። ከጓሮዬ ተነቅለው ነው የመጡት። አሥራ ሁለቱ እዚያ ቆመው እርስዎን ይጠብቃሉ።»

«አሻጥር ነው!» ብሎ ዘሪሁን ጮኸ። «ይህቺ ሴት የታወቀች ውሸታም ናት! ጎባን ይጠይቁ!»

«እውነቱን ነው፤ ውሸታም ነኝ» አለች ኦብሴ። «ስለዚህ እኔን አይመኑኝ። ቃለ ጉባኤው ይነበብ።»

ገምጋሚው ጸሐፊዋን ማሚቱን አያት። ማሚቱ ዘሪሁንን አየች፤ ከዚያ መዝገቡን ገለጠችና፣ መጀመሪያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ኋላ እየጠራላት፣ አነበበችው፤ ከመስከረሙ ስብሰባ ቀን አንስቶ፣ ጥላው፣ ሳህኑ፣ ቁልፉ፣ ማኅተሙ፣ «ይያዝልኝ» ያለው ራሱ ሊቀመንበሩ መሆኑ ሳይቀር።

«በሩ የት ነው?» አለ ገምጋሚው።

የጓሮው በር ዝቅ ያለ ስለሆነ ጎንበስ ብሎ ገባ። አምስት ሰዓት ሊሆን ነው። የፀሐይዋ ጫፍ ገና የግንቡን ራስ ተሻግራ ኮሶው ላይ ያረፈችበት ሰዓት። ኦብሴ ጭዱን ከአንዱ ዳር ጀምራ፣ እንደ ተኛ ሰው ብርድ ልብስ፣ በዝግታ ገለጠችው። እሷም ቢሆን ከትናንት ማታ ወዲህ አላየቻቸውም። አሥራ ሁለቱም ቆመዋል። ቅጠላቸው ላይ የቀለጠው አመዳይ ጠብ ጠብ ይላል። አረንጓዴ ናቸው፤ ያን ዕለት በጎባ ሌላ አረንጓዴ ያለ አይመስልም ነበር።

አራቱን ቆረጠች። አጥባ፣ በእጇ ቆራርጣ፣ ሎሚ ጨመቀችበት፤ ጥቂት ዘይትና ቃሪያ ጨመረችበትና በሳህን አቀረበች። ቀበሌው ለእንግዳው ያሳረደው በግም ተጠብሶ መጣ። ገምጋሚው በጉን ዞር አድርጎ ሰላጣውን በላ። ሳህኑን ጨርሶ «ሌላ ትንሽ አለ?» አለ። በጉን ግን ጫፉን አልነካም። ለገና በዓል ጥቂት ቀን ቀርቷል፤ ጾሙም አልተፈታም። ኦብሴ አየችና ዝም አለች። ኦብሴ ዓይታ ዝም ያለችው በሕይወቷ ያን ቀን ብቻ ነው ይባላል።

«ጥሩ ነው» አለ ገምጋሚው አፉን ጠርጎ። «ወረቀቷ ይጻፍላት።»

ዘሪሁን አሁንም አልተኛላትም። «ጓድ፣ ይጻፍላት። ግን ጥላ ውስጥ አሥራ ስምንት ያበቀለች ፀሐይ ብታገኝ ሠላሳ ስድስት አታበቅልም? ኮሶው ይቆረጥላት!»

ገምጋሚው «ልክ ነው» ሊል አፉን ከፈተ። ኦብሴ ቀደመችው።

«ይቆረጥ። ግን ጥላ የሚበዛው ከኮሶው አይደለም፤ ከግንቡ ነው። መጀመሪያ እሱ ይፍረስ።»

ሰው ሁሉ አንገቱን አቅንቶ ግንቡን አየ። ገምጋሚው መጀመሪያ በአፍንጫው፣ ቀጥሎ በሆዱ ሳቀ። «ሁለቱም ባሉበት ይቆዩ» አለ።

ማሚቱ ወረቀቱን መጻፍ ጀመረች። «ጓሮው በጓዲት ኦብሴ ይዞታ...»

«ከነጥላው በይ» አለች ኦብሴ።

«ጥላ በወረቀት አይጻፍም!» አለ ዘሪሁን።

ኦብሴ ቤት ገብታ የስኳር ቆርቆሮዋን ይዛ ወጣች። ከዘሩ ቋጠሮ ሥር አሮጌውን ወረቀት አውጥታ ዘረጋችው። ፊርማው የዘሪሁን ነው፤ ማኅተሙ የቀበሌው።

«ይኸው፤ ስለ ፀሐይ የጻፈ ቀበሌ ስለ ጥላ መጻፍ አያቅተውም።»

ተጻፈ። «ከነጥላው» ተባለ። ማኅተሙን የመታው ራሱ ዘሪሁን ነው፤ ሲመታው የጠረጴዛው እግር ተሰበረ ትላለች ኦብሴ።

በዓመቱ አዳራሹ አንዱ ጥጉ ተሰነጠቀና ቀበሌው የግንቡን ራስ ዝቅ አድርጎ ሊያድሰው ግንበኛ አመጣ። ግንበኛው መሰላሉን ሳያቆም ኦብሴ ወረቀቷን ይዛ ደረሰች። ከግንቡ ሥር ጀርባዋን አስደግፋ ተቀመጠች።

«ምን ሆንሽ ደግሞ?» አለ ዘሪሁን ከመስኮቱ።

«ይህ ግንብ የኔ ጥላ ነው። አንድ ድንጋይ ብታወርድ ከነማኅተምህ አዲስ አበባ እሄዳለሁ።»

«ግንቡ የቀበሌው ነው!»

«ግንቡ ያንተ ነው፤ ጥላው የኔ ነው። ጥላውን ሳትነካ ግንቡን ማውረድ ከቻልክ፣ አውርድ።»

ግንበኛው ዘሪሁንን አየ፤ ዘሪሁን ግንበኛውን አየ። ስንጥቁ ባለበት በሲሚንቶ ተደፈነ፤ ግንቡም አንዲት ጣት ሳይቀንስ ቆመ። ኦብሴም ወደ ጓሮዋ ተመልሳ፣ ለታ ባመላለሰው አፈር ላይ ቁጢጥ ብላ ጭዷን ማስተካከል ያዘች። በአጥሩ ላይ ጁሀራ አንገቷን አሻግራ፣

«በዚህ ዓመትስ ምን ያህል ያድግልሻል?» አለቻት።

«አምና አንድ በግ አንዱ ቅጠል ሥር ገብቶ ሦስት ቀን ጠፍቶ ነበር» አለች ኦብሴ። «ዘንድሮ ላምሽን ጠብቂ።»